ከአንጣሎ ሰንጠረዥ እስከ ናይሮቢ የውድድር አዳራሽ

በ1805 ዓ.ም. ሄንሪ ሶልት የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ አቀበቱን ወጥቶ አንጣሎ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የላከው ሎርድ ቫለንሺያ የተባለ አገር ጎብኚ ባላባት ሲሆን፣ የተላከውም በዘመኑ ትግራይን ይገዙ ወደነበሩት ወደ እንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ነበር። ሶልት በአንጣሎ ያየውን ሲጽፍ ስለ ግብሩ፣ ስለ ሠራዊቱና ስለ ሹማምንቱ ብዙ ብሏል። ከዚያ ሁሉ መካከል ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ የተዋቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው።

ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ ነበር። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ግዙፍ፣ ለዓይን ብዙም ያላማሩ እንደነበሩ ሶልት ይነግረናል። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል እንጂ። ጨዋታው ጸጥታ የሚባል ነገር አያውቅም። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፤ በቃል ብቻም አይወሰንም፣ እጁን ዘርግቶ ጠጠሩን እያነሣ በየት በኩል ቢሄድ እንደሚሻል ያሳያል። ይህ ሁሉ ጫጫታና ግርግር ካለፈ በኋላ ግን የጨዋታው ፍጻሜ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ራስ ያሸንፋሉ። ሰዎቹ በሚያስደንቅ ብልሃት እያንዳንዱን ጨዋታ ለጌታቸው እንደሚለቁላቸው እንግዳው አስተውሏል።

ይህን ታሪክ ዛሬ በቼዝ ውድድር ላይ በዳኝነት ለሚሠራ ሰው ብናነብለት ራሱን መያዙ አይቀርም። በእርሱ አዳራሽ ተመልካች ትንፍሽ አይልም። የሌላውን ሰው ጠጠር መንካት ከአዳራሽ ያስወጣል። ሆን ብሎ መሸነፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውጤትን አስቀድሞ መወሰን ማጭበርበር ተብሎ ያስቀጣልና። በአንጣሎ ተሰብስበው ከነበሩት መካከል ግን አንዱም «ባለጌ ነኝ» ብሎ አላሰበም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጌታ ፊት ተሸንፎ መነሣት የጨዋነት ከፍተኛው ደረጃ ነበር። ታዲያ በጨዋታ ገበታ ዙሪያ ጨዋነት የምንለው ነገር ለማን የሚከፈል ዕዳ ነው? በሁለቱ አዳራሾች መካከል ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የዚህን ጥያቄ መልስ ደጋግመው ለውጠውታል።

በቅድሚያ ስለ ሰንጠረዡ ጥቂት እንበል። ጨዋታው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጥንታዊ ነው። ከ1508 እስከ 1540 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በልዩ ልዩ መንገደኞች ማስታወሻ ውስጥ ተበታትነው የነበሩትን ምስክርነቶች አንድ ላይ አሰባስበው ለአንባቢ አቅርበዋል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ጨዋታውን በሚገባ ከሚያውቁት ወገን ይቆጠራሉ። ሰንጠረዥ ስሙም ሕጉም ከፋርስና ከዐረብ ሻጥራንጅ የተወረሰ ነው። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንዳንዶቹን ጠጠሮች ረጅም እግር ሰጥተው የዛሬውን ቼዝ ሲፈጥሩ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች የቀደመውን አካሄድ ጠብቀው ቆዩ። ገበታው እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮበት ያገለግል ነበር።

ከሌላው ዓለም ጨዋታ ሁሉ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ወረራ» ይባላል። በወረራው ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነትና እንደ ፈቃዳቸው፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ይህ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር በተበላች ቅጽበት ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ በተራ ይሆናል። ይህን ለመጫወት ምን ያህል መተማመን እንደሚያስፈልግ ልብ በሉ። ዳኛ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ማን ስንት ጊዜ እንደሄደ የሚጽፍ የለም። በዛሬው የውድድር አዳራሽ እንዲህ ያለ አጀማመር ቢፈቀድ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠበቃ መጥራት ያስፈልግ ነበር።

በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና በ1860 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ የተገደለው ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው አጨራረስ የጻፈው ደግሞ ሌላ ገጽ ያሳየናል። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር፤ እንዴት እንዳሸነፉ ይጠየቃል። ኃይለኞቹን ጠጠሮች ይዞ የሰውን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት እንደ ጥበብ አይቆጠርም። በደካሞቹ ጠጠሮች፣ በተለይም በእግረኞቹ፣ ማት ያደረገ ግን ይጨበጨብለታል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግም አይፈቀድም ነበር፤ ጨዋታው በአቻ ይቋጫል። ስለዚህ አሸናፊ የሆነ ሰው የባላጋራውን ጠጠር እንዳገኘ ሁሉ መልቀም አይችልም፤ ለተሸናፊው ጥቂት ወገን ማስቀረት ነበረበት። እንግዲህ በአንጣሎ ያየነው ለጌታ መሸነፍ የጨዋነቱ አንድ ወገን ብቻ ነበር። ሌላው ወገን በሕጉ ውስጥ ተሸሽጎ ለተሸናፊው ይሟገታል። እኔ በበኩሌ ይህን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጣለሁ፤ ለኃያል ማጎንበስ በየትም አገር ያለ ነገር ነው፣ የተሸነፈን ሰው ገመና መሸፈን ግን በየትም አይገኝም።

ጨዋታው ከአገልግሎት የወጣው በጣልያን ጦርነት ዘመን፣ በ1935 እና 1936 ዓ.ም. ገደማ ነው ይባላል። የገበታውን ወረራ እውነተኛው ወረራ አጠፋው ማለት ይቻላል። በእግሩ የተተካው የአውሮፓው ቼዝ ነው፤ ከቼዙ ጋርም የአውሮፓው የውድድር ሥርዓት መጣ።

ያ ሥርዓት ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአውሮፓ ሰው በተፈጥሮው ጸጥተኛና ጨዋ ተጫዋች ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ የድሮውን ታሪክ አላየም። በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ የጀግንነት ተረት ሬኖ የተባለው ጀግና የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝን የእኅት ልጅ በቼዝ ጨዋታ ላይ ተጣልቶት በራሱ በገበታው መትቶ ይገድለዋል፤ ረጅሙ ጦርነትም ከዚያ ይነሣል። ተረት ነው፤ ነገር ግን አድማጮቹ «እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሆናል!» ብለው እንዳልተገረሙ መገመት አያዳግትም። በ1561 ዓ.ም. ታዋቂ የቼዝ መጽሐፍ ያሳተመው ስፔናዊው ካህን ሩይ ሎፔዝ ደግሞ ለአንባቢው ከሰጠው ምክር አንዱ ገበታው ሲዘረጋ ፀሐይዋ በባላጋራው ዓይን ላይ እንድታርፍ አድርጎ መቀመጥን የሚመለከት ነው። ካህን ነው ይህን የሚመክረው!

ዛሬ ጨዋነት ብለን የምንጠራቸው ደንቦች አብዛኞቹ በጠብ የተወለዱ ናቸው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር በ1851 ዓ.ም. በለንደን ሲካሄድ የእርምጃ ሰዓት አልነበረም። ኢላይጃ ዊልያምስ የተባለው ተጫዋች አንዲት ጠጠር ለማንቀሳቀስ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስድ ስለነበር ባላጋራዎቹ በድካም ይዝሉ ነበር ተብሎ ተከሷል። ከከሳሾቹ ዋነኛው የውድድሩ አዘጋጅ ሃዋርድ ስታንተን ነበር፤ እርሱም በዚያው ውድድር ለሦስተኛ ደረጃ ተጋጥሞ በዊልያምስ የተሸነፈ ሰው ነው፤ ስለዚህ ክሱን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። ያም ሆነ ይህ ቅሬታው አልቀረም። መጀመሪያ የአሸዋ ሰዓት ተሞከረ፤ በ1883 ዓ.ም. በለንደኑ ውድድር ሁለት ፊት ያለው የቼዝ ሰዓት ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የሌላውን ሰው ጊዜ ማክበር ለተጫዋቹ ኅሊና መተዉ ቀርቶ በመሣሪያ የሚለካ ሆነ።

«የነካ ይሂድ» የሚለው ደንብም እንዲሁ ነው። ጠጠር ነክቶ ሐሳብን መለወጥ፣ አንሥቶ መመለስ፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ የባላጋራን ፊት ማንበብ ለስንት ጭቅጭቅ በር እንደሚከፍት የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (በፈረንሳይኛው ምህጻረ ቃል ፊዴ) በ1924 ዓ.ም. በፓሪስ ከተቋቋመ በኋላ ባወጣው ሕግ ውስጥ ይህ ደንብ ቋሚ ቦታ አግኝቷል። ጠጠሯ ከመሥመሯ ወጣ ብላ ከሆነና ሊያስተካክላት የፈለገ ተጫዋች አስቀድሞ መናገር አለበት። አንጣሎ ላይ ማንም የሚዳስሰው ጠጠር እዚህ ባለቤቱ እንኳ ያለ ማስጠንቀቂያ የማይነካው ሆነ።

ጸጥታው ሲሰፍን የጠፋ ነገር አለ፤ እርሱንም ሳይጠቅሱ ማለፍ ሚዛናዊ አይሆንም። አንጣሎ ላይ ባሪያው በጌታው ጨዋታ ውስጥ ድምፅ ነበረው። በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ በሌላ ቦታ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው፣ በገበታው ዙሪያ እጁን ዘርግቶ የራስን ጠጠር አንሥቶ «እንዲህ ይሁን» ማለት ይችላል። ዛሬም በአዲስ አበባ መንደሮች በካርቶን ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ከተጫዋቾቹ በላይ ይጫወታል፤ በዛንዚባር በየቤቱ ደጃፍ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ባኦ ሲጫወቱም ከበው የሚያዩት ዝም ብለው አይቀመጡም። ይህ ብልግና አይደለም፤ ጨዋታው የሁሉም ነው የሚል ሌላ ዓይነት ጨዋነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሽልማትና ማዕረግ ሲከተል፣ ሁለት ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ለአንድ ወንበር ሲፎካከሩ ነው። በዚያን ጊዜ የተመልካቹ ምክር ለአንዱ ስጦታ፣ ለሌላው ስርቆት ይሆናል።

በቂ ደንብ ተጽፎ ካለቀ በኋላም ንቀት ሌላ መግቢያ አላጣም። የመጀመሪያዋ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ቬራ ሜንቺክ በ1929 ዓ.ም. በካርልስባድ ከታላላቅ ወንድ ተጫዋቾች ጋር ለመወዳደር ስትቀርብ፣ አልበርት ቤከር የተባለው ኦስትሪያዊ «በእርሷ የሚሸነፍ ሁሉ የቬራ ሜንቺክ ክበብ አባል ይሁን» ብሎ ቀለደ። የክበቡ የመጀመሪያ አባል የሆነው ራሱ ቤከር ነው፤ በዚያው ውድድር አሸነፈችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ስመ ጥር ሰዎች አባል ሆነዋል። ሜንቺክ በ1944 ዓ.ም. ለንደን ላይ በወደቀ የጀርመን ቦምብ እስክትሞት ድረስ የዓለም ሻምፒዮንነቷን ማንም አልነጠቃትም። ቀልዱን ዛሬ የምናስታውሰው በቀላጁ ላይ ስለ ዞረ ነው። ሆኖም በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀልድ እየሰማች ገብታ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የእርሷን ያህል ብርታት የሌላቸው ስንት ሴቶች ከደጃፉ እንደ ተመለሱ የሚቆጥር መዝገብ የለም።

በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬ ጨዋነትን ከአዳራሹ አስወጣው። በ1972 ዓ.ም. በሬይኪያቪክ ቦቢ ፊሸር ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ፊሸር የፊልም ካሜራዎቹን ተቃውሞ በሁለተኛው ጨዋታ ሳይቀርብ ቀረ፤ ሦስተኛው ጨዋታ ተመልካች በሌለበት ክፍል ተካሄደ። የሶቪየት ወገን በበኩሉ ስፓስኪን የሚያደነዝዝ ምሥጢራዊ መሣሪያ ተደብቋል ብሎ አመለከተ። ወንበሮቹ በኤክስሬይ ተመረመሩ፤ መብራቱም ተፈትሾ ሁለት የሞቱ ዝንቦች ተገኙ። ከስድስት ዓመት በኋላ በፊሊፒንስ ባጊዮ ከተማ አናቶሊ ካርፖቭና ቪክቶር ኮርችኖይ ሲጋጠሙ ለካርፖቭ የመጣለት እርጎ ክርክር አስነሣ፤ በእርጎው ውስጥ መልእክት ሊኖር ይችላል ተባለና የሚቀርበው ምግብ በዳኞች ውሳኔ ተደነገገ። ካርፖቭ በስምንተኛው ጨዋታ መጀመሪያ የባላጋራውን እጅ አልጨብጥም አለ። ሁለት ሰዎች ለወራት ያህል ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰላም ሳይባባሉ ተጫወቱ።

የእጅ መጨባበጡ ነገር ብዙ የሚያነጋግር ነው። በ2006 ዓ.ም. በኤሊስታ ቭላዲሚር ክራምኒክና ቬሴሊን ቶፓሎቭ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ የቶፓሎቭ ወገን «ክራምኒክ መጸዳጃ ቤት ያበዛል» ብሎ ከሰሰ፤ የግል መጸዳጃ ቤቶቹ ተቆለፉ፤ ክራምኒክም በአምስተኛው ጨዋታ አልቀርብም ብሎ ነጥቡን አጣ። ግጥሚያውን በመጨረሻ ያሸነፈው ግን እርሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2007 ዓ.ም. ፊዴ እጅ ለመጨበጥ ፈቃደኛ ያልሆነ ተጫዋች ጨዋታውን እንዲያጣ ወሰነ። ጨዋነት በትእዛዝ ሆነ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 2008 ዓ.ም.፣ በኔዘርላንድ ዋይክ አን ዜ ከተማ የቶፓሎቭ ረዳት የነበረው ኢቫን ቼፓሪኖቭ የእንግሊዛዊውን የናይጄል ሾርትን እጅ ሳይጨብጥ ቀረ፤ ሾርት በቶፓሎቭ ላይ የተናገረው ነገር አስቆጥቶት ነበር። ዳኛው ሕጉን ጠቅሶ ጨዋታውን ለሾርት ሰጠ። ይግባኝ ተባለ፤ ቼፓሪኖቭ ይቅርታ ጠይቆ፣ እጅ ተጨባብጠው እንዲጫወቱ ተወሰነ። ሾርት በገበታው ላይም አሸነፈ።

እዚያችው ከተማ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2025 ዓ.ም.፣ እጅ ሳይጨበጥ ቀረ፤ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነበር። የሕንዷ ቫይሻሊ እጇን ስትዘረጋ ኡዝቤኩ ኖዲርቤክ ያኩቦዬቭ ሳይጨብጣት ተቀመጠ። ቪዲዮው በዓለም ላይ ተሠራጨ፤ ብዙዎች ስድብ አወረዱበት። እርሱም ሃይማኖቱ ባዕድ ሴት መንካትን ስለማይፈቅድለት እንደሆነ፣ ሊንቃት እንዳላሰበ፣ አስቀድሞ አለመንገሩ ግን ስሕተት እንደሆነ አስረድቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አበባና ቸኮሌት ይዞ ሄዶ አነጋገራት፤ እርሷም ተቀበለችው። በእኛ ቀጣና፣ ከሞምባሳ እስከ ሐረር፣ ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። እጅን በደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ለእኛ ከመጨባበጥ ያላነሰ ሰላምታ ነው። የ2008ቱና የ2025ቱ ድርጊት በሕጉ ዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ሰውን ለማዋረድ የተደረገ ነው፣ ሌላው ሰውን ሳያዋርዱ የራስን እምነት ለመጠበቅ ተሞክሮ ያልተሳካ ነው። ይህን ለይቶ የሚያይ ዳኛ እንጂ ደንብ አይገኝም።

ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነው በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በናይሮቢ የተከሰተው ነው። በኬንያ ኦፕን የቼዝ ውድድር በሴቶች ምድብ አንዲት ማንም የማያውቃት ተጫዋች ተመዘገበች። ከራስ እስከ እግር በጥቁር ልብስ የተሸፈነች፣ ፊቷን በኒቃብ የጋረደች፣ መነጽር ያደረገች፣ ከማንም ጋር ቃል የማትለዋወጥ ነበረች። የቀደመ የውድድር ታሪክ ሳይኖራት ስመ ጥር ተጫዋቾችን ማሸነፍ ጀመረች። አዘጋጆቹ ጫማዋን አዩ፤ ዝምታዋን አዩ፤ ተጠራጠሩ። በኋላ እንደ ተረጋገጠው በኒቃቡ ውስጥ የነበረው ወንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ገንዘብ ቸግሮት ለሽልማቱ ብሎ እንዳደረገው አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

ወሬው በዓለም ጋዜጦች እንደ ቀልድ ተነበበ። እኔ ግን በዚህ ነገር ውስጥ የማደንቀው የዳኞቹን መዘግየት ነው። ኒቃብ የለበሰች ሴት በምሥራቅ አፍሪካ ብርቅ አይደለችም። ጥርጣሬ ከተነሣ በኋላም አንዲትን ሴት በልብሷ ምክንያት በሕዝብ ፊት አስነሥቶ መመርመር ምን ያህል ነውር እንደሆነ አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር። ቢሳሳቱስ? ንጹሕ ሴት በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተዋርዳ ትሄዳለች፤ ከእርሷም በኋላ ሌላ ባለ ኒቃብ ልጅ ወደዚያ አዳራሽ አትመጣም። ስለዚህ ማስረጃው እስኪከማች ጠበቁ፤ ከአራተኛው ዙር በኋላ ተጫዋቹን ወደ ገለልተኛ ክፍል ወስደው አነጋገሩ። መዘግየቱ ዋጋ አስከፍሏል፤ በእነዚያ ዙሮች የተሸነፉት ሴቶች በደል ደርሶባቸዋል። በሁለቱ በደሎች መካከል መምረጥ ነበረባቸውና የመረጡትን እኔም እመርጥ ነበር።

ሴቶቹ ተጫዋቾች የተበደሉት በናይሮቢ ብቻ አይደለም፤ በደላቸውም በማጭበርበር አያበቃም። በነሐሴ 2023 ዓ.ም. 14 የፈረንሳይ ሴት ተጫዋቾች በይፋ ባወጡት ደብዳቤ ከተጫዋቾች፣ ከአሠልጣኞችና ከኃላፊዎች የሚደርስባቸው ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት ሴቶችና ልጃገረዶች ጨዋታውን ከሚተዉባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ገለጹ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ በላይ ሴቶች ስማቸውን አኖሩ። ከዚህ አንጻር ሲታይ መቶ ዓመት ሙሉ የተጻፉት ደንቦች አንድ ነገር ረስተው ነበር ማለት ይቻላል። ጠጠሩን ማን እንደሚነካ፣ መቼ እንደሚነካ በዝርዝር ተደንግጓል፤ ከጠጠሩ ማዶ የተቀመጠችውን ልጅ በመተላለፊያው፣ በሆቴሉ፣ በጉዞው ላይ ማን እንደሚጠብቃት ግን በአመዛኙ ለመልካም ፈቃድ ተትቶ ቆይቷል። ዛሬ ተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ቅሬታ ያላት ልጅ ለማን እንደምትናገር አስቀድሞ ካልታወቀ፣ የሚሰማትም ሰው ከአሠልጣኟ የተለየ ካልሆነ፣ የአዳራሹ ጸጥታ ሌላ ነገር መሸፈኛ ሊሆን ይችላል።

ለመጨረሻ፣ ራስ ወልደ ሥላሴን ከአንጣሎ ያስታወሰኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀጣናችን በአንድ ከተማ በተዘጋጀ የወጣቶች ውድድር መክፈቻ ላይ ተገኝቼ ነበር። እንደ ልማዱ የክብር እንግዳው ከአንዲት ተወዳዳሪ ጋር የመክፈቻ ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ። ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እንግዳው ትልቅ ሰው፣ ሽበታም፣ ባለ ማዕረግ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ይጫወቱ እንደነበርም በንግግራቸው ጠቅሰዋል። ሊጀመር ሲል ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወደ ልጅቱ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አላት። ምን እንዳላት ለማወቅ አጠገቧ መቀመጥ አያስፈልግም ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ ዳኛውን አየችው። ዳኛውም፣ ወጣት ሰው ነው፣ አስተባባሪውን በትሕትና ከመስመሩ ወደ ኋላ እንዲመለስ በእጁ አሳየውና ሰዓቱን አስጀመረ።

ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አዳራሹ ዝም ብሎ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ሳለ። ልጅቱ የመጨረሻዋን እርምጃ ሄዳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም። እንግዳው ገበታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ንጉሣቸውን በጣታቸው ገፋ አድርገው አስተኙት፤ ተነሥተውም እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያም ፕሮግራሙ እንዲቀጥል የሚጠብቁትን ሰዎች ሳይመለከቱ እንደገና ተቀመጡና «በይ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ደርድሪው» አሏት።